ቤት የዋለ ባጃጅ

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት፣ ከጅሬን ተራራ
አንድ ጥቁር ደመና፣ ወረደ እያጓራ።
መጀመሪያ ሽምብራ፣ ቀጥሎ ባቄላ፤
በቆርቆሯችን ላይ፣ ሰማዩ ተቆላ።
ራዲያ "ባልዲ!" ስትል፣ እኔ "ጨርቅ!" ስል፣
በበሩ ሥር ገባ፣ እንግዳ ሳይመስል።

ሲነጋ ግቢው ነጭ፣ ጨው የተዘራበት፤
አቮካዶው ረግፎ፣ ቅጠል ያልቀረበት።
አዌቱ ሞልቶ አድሮ፣ ድልድዩን ውጦታል፤
የመርካቶው መንገድ፣ ራሱ ወንዝ ሆኗል።
የስልኩ ሁሉ ወሬ፣ "ማንም ሰው እንዳይወጣ"፤
መብራቱም ማታ ሄዶ፣ እንደወጣ አልመጣ።
ባጃጄ ከአጥሩ ሥር፣ ሸራዋ ተቀዶ፣
እስከ ጎማዋ ወገብ፣ ተከምሮ በረዶ፣
እንደ ታመመች ዶሮ፣ ኩምትር ብላ ቆማ፤
ቁልፉን ባዞርላት፣ እምቢኝ አለች እሷማ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሦስት ጎማ ስዞር፣
ከአጂፕ እስከ ቆጪ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር፣
ስንቱን ከቤቱ አደረስኩ።
ሰካራሙን በሌሊት፣ ምጥ የያዛትን በንጋት፣
መምህር ልሳኑን ከነደብተር ክምሩ፣
"እዚህ ጋ... አይደለም፣ ትንሽ ወረድ በል" እያለ።
የሰው በር አውቃለሁ፤
የቱ ውሻ እንደሚናከስ፣
የማን አምፖል ከተቃጠለ ስንት ወር እንደሆነው።
የራሴን በር ግን በዳበሳ ነው የማውቀው፤
በጨለማ ወጥቼ፣ በጨለማ ገብቼ፣
ነጠላ ጫማዬን በእግር ጣቴ ፈልጌ።

ዛሬ ነው ያየሁት፤
ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በጓዳው መስኮት ትገባለች፣
በግድግዳው ቀስ ብላ ትወርዳለች፣
የኢፍቱ ሥዕል ጋ ስትደርስ ትንሽ ትቆያለች።
ሥዕሉ ላይ ሦስት ነፍስ አለ፤ እናት፣ ልጅ፣ ድመት።
"እኔስ?" አልኳት።
ጣቷን ከወረቀቱ ጥግ፣ ከአንዲት ሰማያዊ ነጥብ ላይ አሳርፋ፣
"ያውልህ፣ እየመጣህ ነው" አለችኝ፤ "ገና መርካቶ ነህ።"

ራዲያ መጥረጊያ ይዛ፣ ባለፈች ቁጥር "ተነሣ"፤
እዚያ ስሄድ "እዚያም"፣ እዚህ ስል "እግርህን አንሣ"።
በመጨረሻ ቆም ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
"አንተ ሰውዬ፣ መንገድ እኮ ዘጋህ!"
ትራፊክ እንኳ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም።
ሳቄ መጣ፤ እሷም ፊቷን አዙራ ሳቀች፤
ሳቋ እንዲህ በአፍንጫ በኩል እንደሚወጣ
ረስቼው ኖሯል።

አጥሩ ማታ ወድቋል። ከወዲያ አባ ዲጋ
የረገፈ አቮካዶ በጃኬቱ ይለቅማል።
"እንዴት ነህ፣ ጎረቤት?" አለኝ፤ "አለህ እንዴ?"
"አለሁ" አልኩ፤ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።
በልቤ የቀረብኝን አሰላሁ፤
ነዳጁ ሲቀነስ፣ የእሑዱ ዕቁብ ሲታሰብ፣
ጎድሏል፤ ይጎድላልም።

ከሰዓት በኋላ ነጩ ጭቃ ሆነ።
ኢፍቱ ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች፤
"ይሄ አባ ሲመጣ የማሳየው ነው።"
የደረቀ ጢንዚዛ። ከአሥር ዘጠኝ ያገኘችበት የሒሳብ ወረቀት።
አንዲት የወተት ጥርስ።
"መቼ ወለቀች?"
"ከሮመዳን በፊት። ተኝቼ ነበር ስትመጣ።"
ከሥር ደግሞ፣ በጠርሙስ ክዳን፣ አንድ ጉንጭ የማይሞላ ውሃ፤
"ይሄ ትልቁ በረዶ ነበር" አለች፣
ሳትቆጣ።

ሲመሽ ልሳኑ ደወለ፤
"ድልድዩ ተከፍቷል። ነገ እንደወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት?"
ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።
ከጣራው ጫፍ የቀረው በረዶ
ወደ ባልዲው ይንጠባጠባል፤ ጠብ፤
ጠብ።
"አንድ ሰዓት ይሁን" አልኩት።